የምንሽሩ ነጭ ጎን

ኢንስፔክተር ዘቢደር ከደባርቅ ወጣ ብላ ካለችው መንደር ስትደርስ ሟቹ ገና አልተገነዙም፤ ለቀስተኛው ግን እንዴት እንደሞቱ ወስኖ ጨርሷል። በዚህ አገር ሰው ስለ ሁለት ነገር «አላውቅም» አይልም፤ ስለ ጠመንጃና ስለ ሌላ ሰው ኃጢአት። የአቶ ሀብተ ሚካኤል ሞት ደግሞ ሁለቱንም ያጣመረ ነበር።

ሽማግሌው ደረታቸውን በጥይት ተመተው መደባቸው ላይ ተጋድመዋል። ከአባታቸው የወረሱት ምንሽር ጠመንጃ ጭናቸው ላይ ነው፤ ቀኝ መዳፋቸው ብርጭቆ ወረቀት ጨብጧል። ታናሽ ወንድማቸው አንዳርጋቸው ለመጣው ሁሉ «ሲወለውለው ባረቀበት» እያለ ያለቅሳል። የነፍስ አባታቸው ቄስ ፀጋው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሀብተ ሚካኤልን የሚያህል ጠመንጃ አዋቂ ጥይት የጎረሰ ምንሽር አይወለውልም፤ ስለዚህ ሰውየው ራሱን አጥፍቷል፤ ራሱን ላጠፋ ደግሞ ፍትሐት የለም፣ ቀብሩም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው።

የመቃብር ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ተሸክመው በር ላይ ቆመዋል። አንዱ በየጊዜው አንገቱን እያስገባ ከአጥር ውስጥ ወይስ ከውጭ እንደሚቆፍሩ ይጠይቃል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ እታለም የዘቢደርን ክንድ ይዘው ወደ ጥግ ሳቧት።

«ልጄ፣ አብሬው የቆረብኩትን ሰው እንደ ውሻ ከአጥር ውጭ ሊጥሉብኝ ነው። እኔ ስሞት ወዴት ልግባ? ከሱ ጋር ውጭ ነው ወይስ ብቻዬን ውስጥ?»

ዘቢደር ወደ ምንሽሩ ጎንበስ አለች። የነሐሴ ጉም ከስሜን ወርዶ፣ በር ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ብረት ባገኘበት ሁሉ ዝገት ጥሎ የሚሄድበት ወቅት ነው። የምንሽሩ ቀኝ ጎን ጥቁር ነው፤ እዚህም እዚያም ያለው ዝገት በኑግ ዘይት ርሷል። ግራ ጎኑ ግን ተፍቆ ነጥቷል፤ ጥፍር የቧጨረው ይመስላል፤ ቅቤ ቅቤም ይሸታል። የሟቹን ጣቶች አሸተተች። ኑግ ብቻ። ጥፍራቸው ውስጥ ያለው ቀይ ዝገት ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት ከብረት ላይ የሚያነሳው ግራጫ ብናኝ ግን ቅንጣት እንኳ የለም። ከመደቡ ሥር አንድ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ አገኘች፤ የነሐስ ከንፈሩ ላይ ዝገት ተለጥፏል።

እታለም ነገሩን አስረዷት። አንዳርጋቸው ከጾሙ በፊት ምንሽሩን ዳባት ለሰርግ ወስዶት፣ በዝናብ አስደብድቦ፣ አዝጎ መለሰው። ሀብተ ሚካኤል ኑግ አጠጥተው አሳደሩት፤ ከዚያ በቀለሁ ከንፈር ቀስ እያሉ ያሹት ጀመር። ነሐስ ከብረት ይለሰልሳል፤ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ጥቁረቱን አይነካም።

«ቅቤስ አይጠቀሙም?»

«በፍልሰታ? በዚህ ቤት እኮ ጠመንጃውም ይጾማል።»

የቅቤው ማሰሮ አፉ እንደታሰረ ነው፤ ሸረሪት ድሯን አድርታበታለች።

ዘቢደር ወደ ግቢው ወጣች። የራሷን ሽጉጥም ጉሙ አልማረውም ነበር። እሱን አውጥታ፣ ዝገቱ በምን እንደሚለቅ ቸግሮት እንደሚጠይቅ ሰው ዞረች።

መጀመሪያ ያገኘችው የሟቹን አማች ድረስን ነው። ድረስ የስሜን ፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት ነው፤ በጾም ከቱሪስት ጋር እንቁላል በልቷል ተብሎ ስለሚታማ፣ መንደሩ ገዳይ ካስፈለገ ብሎ በልቡ አዘጋጅቶት ነበር።

«ከኦፊስ የሚሰጠን ዘይት አለ» አላት። «ቀብተው ያሳድሩት፣ ከዚያ በጨርቅ። ኖ ፕሮብሌም።»

ጠመንጃ የሰይጣን በትር ነው ብለው የሚሰብኩት ቄስ ፀጋው ረጅሙን ምክር ሰጡ። ሎሚ ዝገት ይበላል፤ ግን ጥቁረቱንም አብሮ ይልጣልና በራስሽ ብረት እንዳትሞክሪው አሏት። በማን ብረት እንደሞከሩት አልጠየቀቻቸውም።

አንዳርጋቸው ምንሽሩን ከመለሰ ወዲህ ወንድሙ ቤት እግሩ እንዳልደረሰ፣ ትናንትም እንዳልመጣ ምሎ ነግሯት ነበር። ሽጉጡን ሲያይ እንባውን ጠረገ። የዚህ አገር ወንድ ለቅሶውን ያቋርጣል እንጂ ስለ ጠመንጃ የሚሰጠውን ምክር አያቋርጥም።

«ቅቤ ቀቢና በብርጭቆ ወረቀት ፈትጊው፤ እንደ ብር ያበራል። ዘይት የሰነፍ ነው።»

«ጥቁረቱ ይለቅ የለም እንዴ ጋሼ አንዳርጋቸው?»

«ጥቁረት እድፍ ነው።»

ቆፋሪው እንደገና አንገቱን አስገባ። ዘቢደር ቁጭ እንዲል ነግራው፣ እታለምን፣ ቄሱን፣ ድረስንና አንዳርጋቸውን ሬሳው ባለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አባ፣ ልክ ነዎት» ብላ ጀመረች። «አዋቂ ሰው የጎረሰ ጠመንጃ አይወለውልም። አዋቂ ሰው በብርጭቆ ወረቀትም አይወለውልም። ይህን ምንሽር ሁለት እጅ ነክቶታል። አንዱ ኑግና ቀለህ ይዞ ጥቁረቱን ሲጠብቅ ነበር፤ ያ የሟቹ እጅ ነው። ሌላው በቅቤ ፈትጎ ላጠው። በዚህ ቤት ቅቤ አልተከፈተም፤ ስለዚህ ቅቤው ከነባለቤቱ ከውጭ መጣ። ወረቀቱን በሟቹ መዳፍ ውስጥ ያስገባውም እሱ ነው፤ ቢፍቁበት ኖሮ ብናኙ ጣታቸው ላይ በቀረ። ድረስ የመሥሪያ ቤት ዘይት አለው፤ እርስዎ ሎሚ ነው የሚሉት።»

የአንዳርጋቸውን ስም አልጠራችም። ምንሽሩን ወደ ብርሃን አዞረችና ነጩን ጎን በጣቷ ዳሰሰች።

«ይህን ያደረገው ሰው የአባታቸውን ቅርስ ሆን ብሎ ሊያበላሽ የመጣ ጠላት ነው።»

«ላበላሸው ብዬ አይደለም» አለ አንዳርጋቸው።

ዘቢደር እጁን ይዛ ገለበጠችው፤ በመዳፉ ስንጥቆች ውስጥ ግራጫው ብናኝ ከቅቤ ጋር ረግቷል።

የቀረውን ሳይጠየቅ ተናገረ። ትናንት ወንድሙና እታለም ቅዳሴ ላይ ሳሉ፣ ያዛገውን ራሱ አጽድቶ ሊያስደስተው ገባ። ሀብተ ሚካኤል ቀድመው ተመልሰው ሲያዩት አባታችንን ከነቆዳው ገፈፍከው አሉት፤ ከእንግዲህ ምንሽሩ የድረስ ነው አሉት። እሱም ሊያስደነግጣቸው አጎረሰው። ሽማግሌው አፈሙዙን ያዙ፤ ተጓተቱ፤ ባረቀ።

«ከቀብሩ በኋላ ለነፍስ አባቴ ልናዘዝ ነበር» አለ።

«ከአጥር ውጭ ከጣልነው በኋላ?» አሉ እታለም።

ዘቢደር ለአንዳርጋቸው ካቴናውን አጠለቀችለት። ቄስ ፀጋው ተነስተው ቆፋሪዎቹን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ፣ ከጥዱ አጠገብ ላኳቸው፤ መስቀላቸውን አወጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቆዩ አባ» አሉ እታለም። «ፍትሐቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ጠዋት ስላሉት ነገር ይቅርታ ይጠይቁት።»

ቄሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይቅር ሲያባብሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ራሳቸው ይቅርታ ሲጠይቁ ግን ማንም አይቷቸው አያውቅም። ድረስን አዩ፤ ዘቢደርን አዩ። ከዚያ ጥምጥማቸውን አውርደው በሬሳው ራስጌ ተንበረከኩና በለሆሳስ አንድ ነገር አነበነቡ።

«ጮክ ብለው» አሉ እታለም። «በር ላይ ያሉት ለቀስተኞች አልሰሙም።»