ለእንግዳ ብቻ የሚደረግ ማስክ

«አድርጉ፣ ቶሎ ቶሎ! እንግዳዋ ደረጃው ላይ ደርሰዋል!»

አለቃው ካርቶን አቅፎ በስፌት መኪኖቹ መካከል እየሮጠ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አንድ ማስክ ወረወረ። ሌላ ቃል ከአፉ ስለማይወጣ ሠራተኞቹ ከጀርባው «ቶሎቶሎ» ይሉታል። ዛሬ ግን መስኮቶቹን ሳይቀር እየዞረ ከፈተ። መቀስ የሚሏት ልጅ የደረሳትን ማስክ ገና ስታየው አወቀችው። ጠዋት ትርፍ ክሩን የቆረጠችው እሷው ነበረች።

መቀስ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሉ ሴቶች ናቸው፤ በከፊል ለሥራዋ፣ በከፊል ደግሞ ለምላሷ። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ክር ትለቅማለች።

ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ማስክ ይሰፋል፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ለሕፃናት የሚሆን ባለ አበባ። ለሰፊዎቹ ግን አንድም አይሰጥም። ሲጠየቅ ቶሎቶሎ «የሚሸጥ ዕቃ እኮ ነው» ይላል፣ እነሱ የሚሞቱት በነፃ ይመስል። ከእናቷ ቀጥሎ የነበረችው ሰፊ ስታስል ሰንብታ ባለፈው ሳምንት ቀረች። ሆስፒታል መግባቷን የሰሙት ከጎረቤቷ ነው። የመቀስ እናት ደግሞ አስም አለባት፤ ደረጃውን እንኳ እያረፈች ነው የምትወጣው። መቀስን የሚያስፈራት ያ ሳል ወደ እናቷ ወንበር እንዳይሻገር ነው።

ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የመጣችው መርማሪ ገባች። ዙሪያውን ቃኘችና «ማስክ በየቀኑ ታገኛላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

ሁሉም ወደ አለቃው ዞሩ።

«እንዴታ! በየጠዋቱ ነው የምናድለው» አለ ቶሎቶሎ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

መርማሪዋ እሱን ትታ ሠራተኞቹን አየች። «መከላከያ በነፃ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ጤናችሁን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ካለ አልሠራም ማለት ትችላላችሁ፤ ለዚህ ብሎ ማንም ሊያባርራችሁ አይችልም። የምትነግሩኝ ነገር አለ?»

መቀስ አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ ከጠረጴዛው ሥር ጭኗን ቆነጠጠቻት። አቤት አቆነጣጠጥ! መቀስ ክሯን መልቀም ቀጠለች።

«እንግዲህ ታች መጋዘኑን እያየሁ እቆያለሁ» ብላ መርማሪዋ ወጣች።

ኮቴዋ ሲርቅ ቶሎቶሎ መስኮቶቹን መልሶ ዘጋጋ። ከዚያ ካርቶኑን አነሳ።

«መልሱ፣ ቶሎ ቶሎ! ካውያ እናስነካውና እናሽገዋለን።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ እያወለቁ ጣሉ። እናቷም ጣለች። ካርቶኑ መቀስ ፊት ቆመ።

«አልመልስም።»

«ምን አልሽ?»

«አፌ ላይ የነበረ ነው ጋሼ። ይሄንን ለሰው ሊሸጡት ነው? ሼም አይደል እንዴ?»

«አንቺ የትናንት ልጅ! ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ! እናትሽም አብራሽ ትውጣ!»

«ልጅ ናት፣ ይለፏት» አለች እናቷ ተደናግጣ። «አንቺ! አውልቂ ብያለሁ!»

 የመቀስ ደም ፈልቷል፤ በአለቃው ብቻ ሳይሆን በእናቷም። እናቷ ከሥራ ብትወጣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚጠብቃቸው አልጠፋትም። ሆኖም ከጎናቸው ያለው ባዶ ወንበር ዓይኗን ያዘው። ትራሱ እንኳ ገና አልተነሳም።

«እማዬ፣ እሷም ዝም ብላ ነበር እኮ» አለች ወደ ወንበሩ እያመለከተች።  «ያንቺ ወንበር እንዲህ ሆኖ ማየት አልችልም።»

የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ቆመዋል። እናቷ ወንበሩን አየች፤ ብዙ አየችው። ከዚያ እጇን ወደ ካርቶኑ ሰድዳ ከላይ ያለውን የራሷን ማስክ አነሳችና ላስቲኩን ጆሮዋ ላይ አጠለቀች።

«ይሄ የኔ ነው» አለች ለአለቃው። «ነገም ሌላ እፈልጋለሁ። ያንን መስኮትም ይክፈቱልን።»

«ለድርጅቱ ባለቤት ነው የምናገረው! ሁለታችሁንም!»

«ይናገሩ።»

ላስቲክ የምትሰፋው ትልቋ ሴትዮ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ተነሳች፤ ሄዳም መስኮቱን ራሷ ከፈተችው። የመርማሪዋ ድምፅ ከታች፣ ከመጋዘኑ ተሰማ። ገና አልሄደችም።

መቀስ ከወንበሯ ተነሳች። እናቷን አየቻት፤ እናቷም አየቻት። በዚህ ጊዜ አልቆነጠጠቻትም።

«ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውረጂ» አለቻት ብቻ።

መቀስ ግን ሮጠች።