ቱንቢ ያልነካው መከታ

መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ሽማግሌ ከሰገነታቸው ሥር፣ ከፈረሰው የጡብ መከታ ጋር ወድቀው ሞተው ተገኙ። ከፍታ አጥብቀው የሚፈሩ፣ ከዚያ መከታ ክንድ ሙሉ ርቀው የሚያልፉ ሰው ነበሩና ሁሉም «ተገፍተው ነው» አለ። የተጠረጠረችው አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ናት፤ ጠዋት ሲነታረኩ ጎረቤት ሰምቷል። አይ መከራ! አባቷን ሳትቀብር እሷን አሰሯት።

መርማሪዋ ከሽማግሌው ጠረጴዛ ላይ የመጨረሻዋን የቃል መፍቻ ካርድ አነሳች። «አፕሎም፦ የእንግሊዝኛ ቃል፤ በራስ መተማመን፣ አለመደናገጥ። ከፈረንሳይኛ የመጣ። ሥሩ የግንበኛ ቱንቢ ነው፤ በክር ተንጠልጥሎ ግንብ መዝመም አለመዝመሙን የሚያሳየው የእርሳስ ብረት።» ጥጓ ላይ ተፈርሟል።

«ፊርማው ለምንድን ነው?»

«ጋሼ ነገሩን በዓይናቸው ሳያዩ አይፈርሙም» አለ ጸሐፊያቸው። «‹ጀልባ› የሚለውን ካርድ ለመፈረም ሁለት ቀን ተጉዘዋል፤ ስንስቅባቸው ነበር። ይቺን ግን በሞቱበት ዕለት ጠዋት ስወጣ ገና አልፈረሟትም ነበር።»

መከታውን የሠራው ታናሽ ወንድማቸው፣ ግንበኛው፣ በሩ ላይ ቆሟል።

«እርስዎ እዚህ ከመጡ ስንት ጊዜዎ ነው?»

«ወር አልፎኛል፣ እህቴ።»

«ቱንቢዎስ?»

«ከሣጥኑ አይወጣም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓይኔ ነው ቱንቢዬ።»

ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ከእስር አስመጥታ ከጸሐፊውና ከግንበኛው ጋር ሰበሰበቻቸው።

«ያን ዕለት ጠዋት ከአባትሽ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«መከታው ይፍረስ ብዬ ነው። ‹ወንድሜ የሠራውን አላፈርስም› አለኝ።»

«እንግዲህ ስሙኝ። ካርዱ ስለተፈረመ ሽማግሌው ቱንቢ አይተዋል። እዚህ ቤት ግን ቱንቢ የለም፤ እሳቸውም ያን ዕለት ከቤት አልወጡም። አንድ ሰው አምጥቶ መልሶ ወስዶታል። የኮታቸው ጀርባ ደግሞ ከትከሻ እስከ ወገብ የጡብ ብናኝ ነው፤ ተደግፈውት ነበር። ያን ያህል የሚፈራ ሰው በማን ቃል ይደገፋል? ይፍረስ በምትለው ልጁ አይደለም። በሠራው ሰው ነው።»

ግንበኛው አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

«ቱንቢ አሳየኝ አለኝ፤ አመጣሁለት። ደስ ብሎት ፈረመ። በሰገነቱ በኩል ሲሸኘኝ፣ ለጨዋታ ብሎ መከታው ላይ አንጠለጠለው። ‹ዘመም ያለ ይመስላል› አለኝ። ቱግ አልኩ። ‹የኔን ሥራ? ተደገፈውና እየው!› አልኩት። ተደገፈው... ጋሼን በአፌ ገደልኩት።»

«እሷ ስትታሰርስ?»

«ፈራሁ።»

መርማሪዋ ቅስሟ ተሰበረ። ካርዷን ገልብጣ ለልጅቷ ሰጠቻት። ሽማግሌው ለእያንዳንዱ ቃል ከካርዱ ጀርባ የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ይጽፉ ነበር። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበች፦

«ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ከቆመ ከፍታ አልፈራም።»

ግንበኛው ቱንቢውን ከኪሱ አውጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አጎቴ» አለችው፤ ካርዷንም ከቱንቢው ጋር እጁ ላይ አኖረችለት።