ከግንዱ ወዲያ ያለው እጅ

ይህ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ካላመናችሁኝ አልፈርድባችሁም... ከሌላ ሰው ብሰማው እኔም አላምንም ነበር።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ጫካ ውስጥ።

ሥራዬ ዛፍ መለካት ነው። ጫካው ሳይራቆት በዓመት ምን ያህል ዛፍ ሊቆረጥበት እንደሚችል የሚወሰነው እኛ በምናመጣው ልኬት ነው። ዛፎቹ ካለፈው ልኬት ወፍረው ከተገኙ ጫካው ለቆረጣ ይከፈታል። ካልወፈሩ ማንም አይነካውም።

ያን ጫካ ድሮ የምለካው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነበር። ወንድምዓለም እለዋለሁ። እሱ ሚጣ ይለኛል፤ ልጆች ወልጄም ለእሱ ሚጣ ነኝ።

ባለፈው ክረምት እዚያው ጫካ ገባ... አልወጣም።

ያልፈለግንበት ቦታ የለም። ሬሳው እንኳን አልተገኘም። እማዬ እስካሁን አላለቀሰችም፤ ልጄን አልቅሼ አልገድለውም ትላለች። ጫካው ሊከፈት ይችላል መባሉን የሰማች ቀን ግን እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

"ማሽን እንዳይሄድበት" አለችኝ።

ቁጥር መዋሸት አልችልበትም። ዛፎቹ ሳይወፍሩ እንዲቆዩኝ ብቻ ነበር የምመኘው።

ትልቅ ግንድ ለብቻ አይለካም። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከወዲያ ይቆማል። የሜትሩን ጫፍ በግንዱ ዙሪያ ታቀብላላችሁ፤ ጓደኛችሁ ተቀብሎ በሌላው በኩል አዙሮ ይመልስላችኋል። ግንዱ ስለሚጋርደው ከእጁ በቀር ምኑም አይታያችሁም።

በወንድሜ ቦታ የመጣው ባልደረባዬ ወሬኛ ነው። ከመኪና ከወረድን ጀምሮ አፉ አላረፈም። የመጀመሪያው ዛፍ ጋ ስንደርስ ማካፋት ጀመረ... እሱም ዝም አለ።

እፎይ አልኩ።

የሜትሩን ጫፍ አቀበልኩት። አዙሮ መለሰልኝ።

ዛፉ በጣም ወፍሯል።

ሁለተኛውም። ሦስተኛውም።

ይሄን ቁጥር ይዤ ከገባሁ ጫካው አለቀለት፤ እማዬን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ግን ደግሞ... ዛፍ በአንድ ዓመት እንዲህ አይወፍርም። ሁሉም በእኩል መጠን?

ሜትሩን ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝ ነገርኩት። ጫፉን ሲመልስልኝ እጁ እጄን ነካኝ። እጁ በረዶ ነው።

አራተኛው ዛፍ ላይ ስልኬ ጠራ። ባልደረባዬ ነው።

"መኪና ውስጥ እጠብቅሻለሁ ብዬሽ ሄድኩ እኮ። አልሰማሽም? ዝናብ ላይ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?"

ሜትሩ በግንዱ ዙሪያ ተወጥሯል።

ከወዲያ በኩል የያዘልኝ ሰው አለ...

መሮጥ ነበረብኝ። ሜትሩን ግን አልለቀቅኩትም። እጁ ጫፉን ይዞ መጣና መዳፌ ላይ አረፈ። አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም። ወንድሜን ግንድ አውራ ጣቱን ከጨፈለቀው ወዲህ ጥፍር አልበቀለለትም።

"ወንድምዓለም..."

"ሚጣ።"

"ልይህ።"

"አትዙሪ።"

ያኔ ገባኝ። ግንዱን ተደግፎ ቆሟል። ሜትሩ በደረቱ ላይ ነው የሚያልፈው። ስለካ የቆየሁት ዛፉን ከነወንድሜ ነው።

እሱ እዚያ እስካለ ድረስ ዛፉ ወፍራም ነው።

ቆሜ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ አንዴ ባየሁት ብዬ የተመኘሁትን ሰው፣ ሂድ ልለው ነው። ትንሽ ልቆይ አልኩ። ትንሽ ብቻ። እጁን ይዤ ቆየሁ።

ከዚያ በሹክሹክታ፣ "ወንድምዓለም... ራቅ በልልኝ" አልኩት።

ሜትሩ ላላ።

የአንድ ሰው ደረት ያህል ላላ።

ስቤ አነበብኩት። ዛፉ ምንም አልወፈረም። በማግስቱ ከባልደረባዬ ጋር ሌሎቹንም ደግመን ለካናቸው፤ አንዱም አልወፈረም። ጫካው አልተከፈተም። እማዬም ፊቴን አየችና፣ ምንም ሳትጠይቀኝ አለቀሰች።

ለእሷም ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ።

ያን ቀን ሜትሩ እንደላላ ዞሬ ሄጄ ነበር። ማንም የለም። ዝናቡ ግንዱን ዙሪያውን አርሶታል... ከወዲያ በኩል ግን ከራስ እስከ እግር፣ የአንድ ሰው ጀርባ ያህል ደረቅ ነው።

እጄን አሳረፍኩበት።

ይሞቃል።

ዝናቡ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ እያረሰው ወረደ።