አሳምሬ የጻፍኩት ክስ

ይህን ሳወራ እንኳ ፊቴ ይግላል። ዝም ስለው ደግሞ አልተወኝም፤ ስለዚህ ልናገረውና ይውጣልኝ።

መተዳደሪያዬ የእጅ ጽሕፈት ነው። የሱቅ ታፔላ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የምስክር ወረቀት፣ የመጣውን ሁሉ በብሩሽና በብዕር እጽፋለሁ። ሥራው ሲይዘኝ ነገር ዓለሙን እረሳለሁ። አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ሦስት ጊዜ ጠርታኝ ዝም ካልኳት፣ ለመጣው ሰው «ሄዳለች፣ ስትመለስ ይምጡ» ትላለች። እኔ እኮ እዚያው ወንበሬ ላይ ነኝ።

አንድ አናጢ ከጎናችን ያለውን ክፍል የተከራየ ሰሞን የበሩን ታፔላ እንድጽፍለት ጠየቀኝና የቀለሙን ጣሳ ይዞልኝ ቆመ። ጀመርኩ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ነገር የለም። ቀና ስል ፀሐይዋ ከበሩ ዞራ ሄዳለች፣ እሱ ግን ጣሳውን እንደያዘ አልተነቃነቀም።

«ምነው፣ አታስቀምጠውም ነበር?» አልኩት።

«እህትሽ ‹ሄዳለች› አለችኝ። ሳስቀምጠው ድምፁ እንዳይመልስሽ ፈርቼ ነው።»

ዓይኔን የማሳርፍበት ስላጣሁ ብሩሹን ሳጥብ ቆየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠዋት ሰላምታው ሲዘገይብኝ ቅር ይለኝ ጀመር፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ጣጣው የመጣው ከነርሶች ትምህርት ቤት ትልቅ ሥራ ሳገኝ ነው። የመቶ ሃያ ተመራቂዎች ስም በምስክር ወረቀታቸው ላይ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ። ካልደረሰ ለማተሚያ ቤት እንደሚሰጡት በግልጽ ነግረውኛል። ተቀመጥኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፊደሎቹ ደረቁ፣ አንገታቸው ተገተረ። የአንዲቷን ልጅ ስም ብቻ አራት ጊዜ አበላሸሁት። ከግድግዳው ማዶ የአናጢው መላጊያ ሽው ሽው ይላል። በቃ፣ ጥፋተኛውን አገኘሁት አልኩ።

ደህና ሰው የሚያደርገው ቀላል ነበር፤ በሩን አንኳኩቶ «እባክህ ጥቂት ቀን ታገሠኝ» ማለት። እኔ ግን ፊቱ ቆሜ ማውራት ፈራሁ። ስለዚህ ለአከራያችን ለእትዬ ስም የሌለው ደብዳቤ ልጽፍ ተነሳሁ።

ጉዴን ስሙ እንግዲህ። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ከማሳረፌ፣ ስንት ቀን የሸሸኝ ነገር ከተፍ አለ። እጄ ተፈታ። ትንፋሼ ከመስመሩ ጋር ይሄድ ጀመር። «ሰላማችንን የሚነሳ ጎረቤት» የሚለውን ስጽፍ ክፋቱን አላየሁትም፤ የታየኝ የፊደሉ አዟዟር ብቻ ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ገጽ ጽፌ አላውቅም። ከታች «ከተከራዮች አንዱ» ብዬ አጠፍኩትና በእትዬ በር ሥር አስገባሁት። በግቢው ውስጥ እንደዚያ የሚጽፍ ሌላ ሰው እንደሌለ በጭራሽ ትዝ አላለኝም።

እትዬ ጸጥታ ወዳድ ናቸው፤ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲለቅ ነገሩት።

በሚለቅበት ጠዋት በራችንን አንኳኳ። ዘንበል ያለ የመጻፊያ ጠረጴዛ ተሸክሟል፤ ጠርዙ ክንድ እንዳይፍቅ ተደርጎ ለስልሷል። መሰናበቻ ነው አለኝ። ላመሰግነው አፌን ስከፍት በብብቱ ያለውን የበሩን ታፔላ አየሁ። የእኔው ፊደል። ደብዳቤው ላይ ያለውም እሱው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ደህና ሁን እንኳ ሳልለው ሄደ።

ያሰኘኝን ጸጥታ አገኘሁ፤ እጄ ግን ጭራሽ ባሰበት። በሦስተኛው ቀን ገባኝ። መላጊያው አንድም ቀን ረብሾኝ አያውቅም። የሚረብሸኝ ሲቆም ነበር፤ ሲቆም አናጢው አሁን ወደዚህ ይመጣ ይሆን እያልኩ ጆሮዬን አቆም ነበር። ወድጄው ነበር። የወደድኩትን ሰው ከቤቱ አስባረርኩት።

መጀመሪያ እትዬ ዘንድ ገብቼ ተናዘዝኩ። ደብዳቤውን ገና ሲከፍቱት የማን እጅ እንደሆነ አውቀውታል፤ እንዲያውም «ሰውዬው በጣም ቢያስቸግራት ነው» ብለው አዝነውልኝ ነበር። ይሄ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ። ክፍሉ ገና እንዳልተከራየ ነግረውኝ ሸኙኝ።

ከዚያ አናጢው ወደተጠጋበት ወደ ወንድሙ ግቢ ሄድኩ። ጥግ ላይ፣ እንጨቱን እንኳ ማዞሪያ በሌለው ቦታ ይሠራል።

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

የመሣሪያ ሳጥኑን ከፍቶ ከመሣሪያዎቹ ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጣ። እትዬን ለምኖ ደብዳቤዬን ወስዶት ኖሯል።

«አውቄ ነበር። አልተናደድኩም አልልሽም፤ ሁለት ጊዜ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።»

«እያወቅህ ነው ጠረጴዛውን የሠራህልኝ?»

«እሱን አይቼ ነው የሠራሁት» አለና ወረቀቱን ዘረጋው። «እዪው፣ የላይኞቹ መስመሮች ቀጥ ያሉ ናቸው። የታችኞቹ እየወረዱ ይሄዳሉ። የምትጽፊበት ጠረጴዛ አጭር ነው፤ ወገብሽን እያመመሽ ነው።»

አለቀስኩ። እኔ ፊደሌን ሳደንቅ ያላየሁትን፣ የከሰስኩት ሰው ቁጭ ብሎ አይቶልኛል። ይቅርታ ለመንኩት፣ ጆሮዬን ለምን አቆም እንደነበርም ሳልደብቅ ነገርኩት።

መላጊያውን አንስቶ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው።

«ብመለስ ይጮሃል» አለኝ።

«ይጩህ።»

ታፔላውን አብረን መለስነው። የነርሶቹን ስም በአዲሱ ጠረጴዛ ላይ ጨረስኩ፤ እህቴ ስንቱን ሰው «ሄዳለች» እያለች እንደመለሰች እሷ ታውቃለች።

ዛሬ ባለቤቴ ነው። ያን ደብዳቤ በራሱ እጅ በሠራው ፍሬም አድርጎ ሳሎን ሰቅሎታል፤ «እንደ እኔ አምሮበት የተከሰሰ ሰው የለም» እያለ ለእንግዳ ያስነብባል። እኔ ሰው ሊመጣ ሲል በፎጣ እሸፍነዋለሁ። እሱ ይገልጠዋል።