የሙስዐብ ሽሮፕ የት ገባ?

ወዳጄ፣ ቁጭ በይና ይቺን ስሚኝ፤ ልጅ ካለሽ ደግሞ በደንብ ስሚኝ።

ካዛንቺስ፣ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ካለ አንድ ግቢ ለኢንስፔክተር ደራርቱ ተደወለላት። «ልጄን መርዘውብኛል፣ ይድረሱልኝ» አለች ራሂማ።

ደራርቱ ስትደርስ ትንሹ ሙስዐብ ሶፋ ላይ ተኝቶ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ጤና ጣቢያ «ቀላል የሳንባ ምች ነው፣ ቤቱ ሆኖ ይድናል» ብለው አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ሰጥተውት ነበር። ሽሮፑ ሊያልቅ ነው፤ ልጁ ግን ባሰበት። ሐኪሙም «መድኃኒቱን እየወሰደ ካልተሻለው ሆስፒታል ይተኛል» ብሏል።

«ማንን ነው የጠረጠርሽው?»

«አፍራህን ነዋ፣ የባሌን እህት። እሷ አልወለደችም፣ በልጄ ትቀናለች። ሽሮፑ ውስጥ የሆነ ነገር ጨምራበታለች።»

አፍራህ ጓዳው በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። «ወላሂ ጠርሙሱን ነክቼው አላውቅም። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ቁልፉን አንገቷ ላይ ነው የምታስረው።»

«ታዲያስ! እናቱ እያለሁ ማን ሊሰጠው ኖሯል?» አለች ራሂማ።

ባሏ ጦይብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለቴ... ልጁ ካፍራህ እጅ ካልሆነ ምንም አይቀምስም...» ራሂማ ገላመጠችው። ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

ደራርቱ ሮዝ ቀለም ያለውን ሽሮፕ አሸተተች። ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና ተመልሳ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ራሂማ፣ በመድኃኒቱ ማንኪያ ውሃ ስጪው እስቲ።»

ሙስዐብ ማንኪያውን ሲያይ ጥርሱን ገጠመ፣ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ።

«አፍራህ፣ አንቺ ሞክሪ።»

አፉን ከፈተ።

«መርዝ የለም» አለች ደራርቱ። «ቁልፉ ያለው ራሂማ ጋ ነው፤ ስለዚህ ጠርሙሱን ሌላ ሰው አልነካውም። ልጁም ከእሷ እጅ አይቀበልም፤ ስለዚህ አልጠጣውም። ሽሮፑ ግን ጎድሏል። የት ገባ? ደጅ ጤና አዳም የተተከለበት ጣሳ አፈሩ እንደ ሽሮፑ ሮዝ ሆኗል፣ ጉንዳን ወሮታል። ጉንዳን ጣፋጭ ነው የሚወርረው። እዚያ ነው የደፋሽው፣ ራሂማ።»

ራሂማ ቁልፉን ካንገቷ ፈታች።

«ተፋብኝ» አለች በመጨረሻ። «አፍራህ፣ አፍራህ እያለ ተፋብኝ። ነይ ስጪልኝ ብዬ ልለምናት? ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ዳነ ብዬ፣ የጠጣው እንዲመስል ደፋሁት...»

«ሲብስበትስ?»

«ያኔማ በምን አፌ ልናገር? በአፍራህ አሳበብኩ።»

ጦይብ ብድግ አለ። «ተቀመጥ» አለችው ደራርቱ። «መጀመሪያ ልጁ።»

ሐኪሙ እውነቱን ሲሰማ ልጁን እንደገና መረመረው፤ ያንኑ ሽሮፕ ከመጀመሪያው አስጀመረው። ራሂማ አቅፋ ያዘችው፣ አፍራህ ሰጠችው። ራሂማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ልጁ አፍራህን መምረጡ አሁንም ያማታል። ግን አልለቀቀችውም። ፈጣሪ ይመስገን፣ ልጁ ዳነ።

አደራሽን ወዳጄ፣ ልጅሽ መድኃኒቱን ካንቺ እጅ እምቢ ካለ፣ እሺ የሚለውን ሰው ጥሪ፤ ከተፋውም ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው።