ባዶ ነው ያልኩት ሰደፍ

ይሄ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ሰው ነገረኝ ወይም የሆነ ቦታ አነበብኩ የምለው አይደለም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ላስፈራራችሁ ብፈልግማ ሌሊት ነበር እላችሁ ነበር።

ቦታው የምሠራበት ሙዚየም ጀርባ ያለው የጥገና ክፍል ነው። ሁለት ሰፋፊ መስኮቶች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሞርሳ፣ የዘይት ጠርሙሶች... በቃ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበርን። እኔና ጋሼ ቀስ።

እውነተኛ ስማቸው አይደለም። ስጣደፍ ባዩኝ ቁጥር "ቀስ... ቀስ ልጄ" ስለሚሉ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እንደዚያ ይላቸው ነበር። እሳቸውም ይስቃሉ እንጂ አይቀየሙም። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። የመፍቻ አያያዝ እንኳ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ሟች ባለቤታቸው ሲሰበስቧቸው የኖሩትን ዕቃዎች ለሙዚየሙ ሰጡ። ከመካከላቸው አንድ ረጅም ሳጥን ነበር።

ስንከፍተው ጠመንጃ ነው።

ግን ባሩድ የማያውቅ ጠመንጃ።

"የአየር ጠመንጃ ነው" አሉ ጋሼ ቀስ፣ ዓይናቸው በርቶ። "ሁለት መቶ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።"

ሰደፉ እንጨት አይደለም። ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ላዩ ቆዳ የለበሰ ብረት ነው። ይፈታና በረጅም መንፊያ አየር ይሞላል፤ ልክ እንደ ብስክሌት ጎማ። ልዩነቱ ይሄኛው እስኪጠግብ ከሺህ ጊዜ በላይ መነፋት መፈለጉ ነው። አፉ ላይ አየሩን አፍኖ የሚይዝ ትንሽ ቫልቭ አለ፤ በብረት ሞላና በቆዳ ቀለበት የተጠበቀ። ከዚያ ሰደፉ ጠመንጃው ላይ ተመልሶ ይታሰራል። ቃታው ሲሳብ መዶሻው ቫልቩን ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይከፍተዋል... የታመቀው አየር ተወርውሮ ይወጣና የእርሳሱን ጥይት ይገፋዋል።

ጭስ የለም። ብልጭታ የለም። አንዴ ከሞላ ደግሞ ደጋግሞ ይተኩሳል።

"የተመታው ሰው ከየት እንደመጣበት ሳያውቅ ነበር የሚወድቀው" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሰደፎች ነበሩ። አንዱ መለዋወጫ ነው።

"ስሚኝ ልጄ። ይሄን መንፋት የለም። የአሮጌ ብረት ሆዱ አይታወቅም።"

"እሺ ጋሼ።"

እሺ ያለው አፌ ብቻ ነበር።

በማግስቱ እሳቸው ስብሰባ ገቡ። እኔ ሲሠራ ማየት ፈለግኩ... ሌላ ምክንያት የለኝም። መንፊያውን መሬት ላይ አቁሜ፣ አንዱን ሰደፍ ገጥሜ መንፋት ጀመርኩ። መቶ። ሁለት መቶ። ክንዴ እየዛለ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ፣ አራት መቶ ደረስኩ።

ኮሪደሩ ላይ ኮቴያቸውን ሰማሁ።

ሰደፉን ፈትቼ ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት። "የቫልቩ ቆዳ የሁለት መቶ ዓመት ነው፤ እስከ ነገ ተንፍሶ ያልቃል" አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጋሼ ቀስ ያንኑ ሰደፍ ሞርሳው ላይ አሰሩት። ቫልቩን ከነመያዣው ፈትተው ቆዳውን ሊያዩ ነው። መፍቻውን ይዘው ጎንበስ አሉና ቀና ብለው አዩኝ።

"ባዶ ነው አይደል?"

ለምን እንደጠየቁኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አይተው ይሆናል።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ግን እሳቸው የሚያምኑኝ ሰው ናቸው፤ ያ ዓይናቸው ሲለወጥ ማየት አልፈለግኩም።

"ባዶ ነው ጋሼ።"

ጎንበስ አሉ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ቡሽ ሲነቀል ያህል ነው። የቫልቩ መያዣ ተስፈንጥሮ ጆሮ ግንዳቸውን መታቸው።

ቀስ ብለው ወደቁ። ያው እንደ ልማዳቸው።

በሦስተኛው ቀን፣ ሳይነቁ፣ አረፉ።

ኮሚቴ ተቋቁሞ ጠየቀኝ። "ሞልቶ ነው የመጣው ማለት ነው?"

"ይመስለኛል" አልኩ።

በዚያች ቃል ጥፋቱ ሴትዮዋ ላይ ወደቀ። አደገኛ ዕቃ ሳያስመረምሩ ሰጡ ተባለ። መሥሪያ ቤት ድረስ መጥተው በር ላይ ቆሙ።

"ባለቤቴ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው" አሉ። "ማን ይነፋዋል?"

እኔ ጫማዬን አያለሁ። ቀብሩ ላይም መጥተው ነበር... የቆሙበት ቦታ ዙሪያውን ባዶ ነበር። ሰው ሸሽቷቸው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

የጋሼ ቀስ ወንበር ባዶ ከሆነ ሦስት ሳምንት ገደማ ሆኖታል። ብቻዬን ነኝ። ሰዓቱ ዘጠኝ።

ስስስስ...

ሳጥኑ ከተቀመጠበት መደርደሪያ ነው። ተነሥቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ። መለዋወጫው ሰደፍ ነበር። ማንም ያልነፋው።

ጣቴን በምራቄ አርሼ ቫልቩ ላይ አደረግኩ። አየር እየወጣ ነው።

በቀጭን እንጨት ቫልቩን ተጫንኩትና አስተነፈስኩት። ታምቆ የቆየ አየር ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ መንፊያና ጎማ የነካ ሁሉ ያውቀዋል።

ይሄኛው ግን ሞቃት ነበር።

በማግስቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንደገና ሞልቶ አገኘሁት።

መንፊያውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ሰደፉ ግን እንደገና ሞላ።

ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። አየርም ክብደት አለው፤ የሞላ ሰደፍ ከባዶው በጥቂት ግራም ይበልጣል። ቁጥሩን እያየሁ ቆምኩ። ማንም ሳይነካው ቁጥሩ ይጨምራል... ትንሽ ይቀንሳል... ይጨምራል።

"አእምሮሽ ነው" አልኩ ለራሴ። "እንቅልፍ ስላጣሽ ነው።"

እውነትም እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምግብ አይወርድልኝም። እህቴ "ምን ሆነሻል?" ስትለኝ "ሥራ በዝቶብኝ" እላለሁ። ውሸት አንዴ ከለመዱት አንደበት አያደናቅፍም።

በአምስተኛው ቀን ሳስተነፍሰው አልጨርስ አለ። አንድ ደቂቃ... ሁለት ደቂቃ... አሁንም ይወጣል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። አየሩ ፀጉሬን ያንቀሳቅሰዋል።

በፉጨቱ ውስጥ ድምፅ ነበረ። የሚያሾካሽክ። የማይቸኩል።

"ባዶ... ነው... አይደል?"

እንጨቱ ከእጄ ወደቀ። ቫልቩ ግን አልተዘጋም። ያ ሙቅ አየር ጉንጬ ላይ እየወጣ ነው... መልስ የሚጠብቅ ይመስላል።

"አይደለም" አልኩ። "አይደለም ጋሼ። እኔ ነኝ የነፋሁት።"

ፉጨቱ ቀጥ አለ።

መሬት ላይ ተቀምጬ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ሳይደርስ፣ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ።

በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። አወቁኝ። ሳሎኑ ውስጥ ስብስቡ የነበረበት ግድግዳ ላይ የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው።

አላቋረጡኝም። ስጨርስ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ልጄ ስልኬን ማንሳት ትቷል፤ ሰው አስገደልሽ ብሎ" አሉ። "ታውቂያለሽ ይሄን?"

"አላውቅም ነበር እማማ።"

"ለምን አሁን መጣሽ?"

"ስለማይተወኝ።"

"ማን?"

ዓይኔን ወደ ሚስማሩ ቀዳዳ መለስኩ።

"እንግዲህ የእኔን ይቅርታ ከፈለግሽ አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል" አሉ። "የሳቸውን ግን ከየት አመጣልሻለሁ? ሂጂና በወረቀት አስፍሪው። ልጄ የሚያነበው ወረቀት ይሁን።"

ያንኑ ምሽት ጻፍኩት። ጠዋት ለኃላፊያችን ሰጠሁት። አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። ከሥራ ታገድኩ፤ ጉዳዩም ወደ ሕግ ተመራ። ለሴትዮዋ በማኅተም የተደገፈ የይቅርታ ደብዳቤ ተጻፈላቸው። ልጃቸው ደብዳቤውን ይዞ እናቱ ቤት መሄዱን ኋላ ሰማሁ። ያን ቀን ብቻ ምግብ በላሁ።

ኃላፊው ግን አንድ ነገር አዘዘ። መለዋወጫው ሰደፍ ማንም እንዳይነፋው ለሁለት ይቆረጥ። መገጣጠሚያው የት እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ለአንድ ቀን ተጠራሁ።

ሦስት ሆነን ቆምን። ኃላፊው፣ ብረት ሠራተኛው እና እኔ።

ብረት ሠራተኛው ቫልቩን ሊነካ ሲል እጁን ያዝኩት። እኔው ራሴ አስተነፈስኩት። ምንም አልወጣም። ቫልቩን ፈታነው። አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ሰውዬው ሴጌቶውን ይዞ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆረጠ። ሁለቱ ግማሾች ጠረጴዛው ላይ ተከፈቱ፣ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ።

ውስጣቸው ጉም ለብሷል። መስተዋት ላይ ሲተነፍሱበት እንደሚሆነው።

ብረት ሠራተኛው በጨርቅ ጠረገው። ብረቱ ደረቀ። ጨርቁን ሳያነሳ ተመልሶ ጉም ለበሰ።

"ቅዝቃዜው ነው" አለ ኃላፊው በሹክሹክታ።

ብረቱን ዳሰስኩት። ሙቅ ነው።

ጉሙ ከሁለቱም ግማሾች እኩል ይሸሻል... ሟሙቶ ሊጠፋ ይደርሳል... እኩል ይመለሳል። ይሸሻል... ይመለሳል። ሳይቸኩል።

የማንኛችንም ትንፋሽ እንዳልነበረ በምን እንዳወቅኩ ልንገራችሁ።

ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነበር የቆምነው።