በመቀስ የተቆረጠው ወረቀት

ልብስ ሰፊው የሞተው ክሊኒኩ መርፌ ክፍል ውስጥ፣ ከተወጋበት ወንበር ሳይርቅ ነው። ባርኔጣው ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ በጋራ በሚጠቀምበት የኮምፒዩተር መዝገብ ላይም ይኸው በቀይ ተጽፎለት ኖሯል። ሲፈለግ ግን ቀዩ ማስጠንቀቂያ የለም። ማን ሰረዘው ሲባል ኮምፒዩተሩ የካርድ ክፍሏን ሴትዮ ስም ጠራ።

በቃ፣ ሁሉም እሷ ላይ ዘመተ። የሟች ሚስት ሁለት ቀን ሙሉ በር ላይ ቆማ «የሰረዘው እጅሽ ይድረቅ!» እያለች ረገመቻት።

በሦስተኛው ቀን የፖሊስ መርማሪ መጣች። አጭር፣ ወፍራም፣ ጫማ የሚያሰቃያት ሴት ናት። ገና ከመግባቷ ጫማዋን አውልቃ ካርድ ክፍሉ ጠረጴዛ ሥር ወረወረችው።

ቁልፌ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ቁልፌ የኮምፒዩተር ሠራተኛው ነው። ለሁሉም መግቢያ ስምና ፓስወርድ የሚያድል፣ ማን ምን መንካት እንደሚችል የሚፈቅድ እሱ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚሉት።

«ፓስወርድሽን ማን ያውቃል?» አለቻት መርማሪዋ የካርድ ክፍሏን ሴትዮ።

«የማያውቀው ማን አለ? ይኸው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። የራሱን የረሳ ሁሉ በኔ ስም ነው የሚገባው። ምነው ዛሬ ብቻ አዲስ ሆነ?»

«ካርድ የምታወጣ ሴት የሐኪም ማስጠንቀቂያ መሰረዝ ትችላለች እንዴ?»

«እኔ እንጃ። ሞክሬ አላውቅም።»

መርማሪዋ ወደ ቁልፌ ዞረች። እሱ ሸረሪት የሚቆጥር ይመስል ጣሪያውን ያያል። ከሁለት ወር በፊት «ይኼ እምቢ አለኝ፣ ያ እምቢ አለኝ» እያሉ ሲያደርቁት፣ በሷ ስም የሁሉንም ነገር ፈቃድ ባንዴ ከፍቶ፣ «ግልግል!» ብሎ ምሳውን ሊበላ ሄዶ ነበር። ይህን ማንም አያውቅም።

ሐኪሙ ተጠራ።

«አራት ሰዓት ላይ ፋይሉን ከፈትኩ። ማስጠንቀቂያ የለም። መርፌውን አዘዝኩ። ነቢይ አይደለሁም እኮ!»

ነርሷ ዓይኗ አብጧል። «የታዘዝኩትን ወጋሁ፤ አራት ከሩብ ላይ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሽ አጠረው፣ ጮህኩ። የካርድ ክፍሏ እታለም በርራ መጥታ እግሩን ያዘች። ቁልፌም ቃሬዛ ይዞ ደረሰ። እስከ መጨረሻው፣ እስከ አራት ተኩል፣ ሦስታችንም እዚያው ነበርን።»

«ሐኪሙስ?»

«እሱ… ስንጠራው ስንጠራው ቆይቶ፣ አራት ተኩል ሲቃረብ ነው የመጣው።»

«እጄን እየታጠብኩ ነበር» አለ ሐኪሙ።

መርማሪዋ ቁልፌ ያወጣላትን ወረቀት አነሳች። ማን ምን እንደነካ ኮምፒዩተሩ የሚመዘግበው ዝርዝር ነው። የቀኝ ጠርዙን በጣቷ ዳበሰችው።

«ከማተሚያ የወጣ ወረቀት ጠርዙ ቀጥ ይላል። ይኼ ግን ሰካራም የሄደበት መንገድ ነው የሚመስለው። ስማ ጎረምሳው፣ መቀስ ምን ፈልጎ እዚህ ደረሰ?»

«እትዬ፣ ያው… ትርፍ ወረቀት ነው ብዬ…»

«ትርፉን አምጣው። ሙሉውን እንደገና አትመህ። እኔ እያየሁ!»

ማተሚያው አጓርቶ ወረቀቱን ተፋው። መርማሪዋ አራቱንም ካርድ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ፣ ባዶ እግሯን ዘርግታ ጀመረች።

«ቀኝ ጠርዙ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የተሰረዘበት ሰዓት ነው፤ አራት ከሃያ አምስት። መርፌው የተወጋው አራት ከሩብ ላይ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሲሰረዝ ሰውየው መርፌውን ከተወጋ አሥር ደቂቃ ሆኖታል። መሰረዙ አልገደለውም፤ ገዳዩን ሸፈነ እንጂ። በዚያ ሰዓት እሷ የሰውየውን እግር ይዛለች። ቁልፌ ቃሬዛውን፣ ሲስተር ደረቱን። ቀረ የምንለው እጁን የሚታጠበው ብቻ ነው።»

«በኔ ስም አልተሰረዘም!» አለ ሐኪሙ።

«ሞኝ ነህ እንዴ በስምህ የምትሰርዘው? የሷ ፓስወርድ ተለጥፎልሃል። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። አራት ሰዓት ላይ ማስጠንቀቂያው አልነበረም ብለሃል። እስከ አራት ከሃያ አምስት ቀይ ሆኖ ተቀምጦ እንዴት አላየኸውም?»

የሐኪሙ ድምፅ ቀጠነ። «ወረፋው በዝቶ ነበር። ፋይሉን ሳልከፍት አዘዝኩ። ሲጮሁ ነው ከፍቼ ያየሁት፤ ያኔ በሷ ስም ገብቼ ሰረዝኩት።»

ነርሷ ፊቷን ሸፈነች።

«ሁለተኛውስ ነገር?» አለች የካርድ ክፍሏ ሴትዮ። «ሁለት ነገር አለ አላልሽም?»

«በስምሽ መሰረዝ እንዲቻል ፈቃዱን የሰጠው ሰው ስም ነው» አለች መርማሪዋ። «ቁልፌ።»

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ወደ ቁልፌ ዞረች። «ሰዓቱን አይተኸዋል?»

አይቶታል። አይቶ ነው የቆረጠው። ስሙን ሲደብቅ የሷንም ነፃነት አብሮ ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

«እታለም፣ ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ፈርቼ…»

«እኔን እስር ቤት ሊወስዱኝ ነበር እኮ!» ተነሥታ በሩን ከፈተችለት። «ለኔ አታውራ። ውጭ ለቆመችው ንገራት።»

ቁልፌ እግሩን እየጎተተ ወጣ። የልብስ ሰፊው ሚስት ግንቡን ተደግፋለች።

«እማማ፣ የረገሟት ሴት ምንም አላደረገችም። ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር። ለራሴ ፈርቼ ደበቅኩ። እኔን ይርገሙኝ።»

አሮጊቷ ቀና ብላ አየችው። ድምፅዋ ከጩኸት ብዛት ተዘግቷል።

«ምን ቀረኝ ልጄ» አለችው። «ያለኝን ሁሉ እሷ ላይ ጨረስኩት።»